ከመጀመሪያው ጀምሪ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ጀርመንኛ አስተምራለሁ ስል ሰው መጀመሪያ ይስቃል። ቀጥሎ «ለማን?» ይለኛል። ከሰባተኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላሉ የአንድ የግል ትምህርት ቤት ልጆች ነው። ሰባተኛዎች ክፍሉን ሞልተው ይጮኻሉ። ዘጠነኛ ላይ ግማሾቹ ይሰለቻሉ። አሥራ አንደኛ ላይ ባቡር በዓይናቸው ዐይተው የማያውቁ ልጆች የባቡር መነሻ ሰዓት ሲያነቡ ይውላሉ። አሥራ ሁለተኛ ላይ አራት አምስት ቢቀሩልኝ ነው። እኔ ለሁሉም አንድ ዓይነት መምህር ነበርሁ፤ ጥፋቴም እዚያ ላይ ነው።

ቋንቋውን የተማርሁት አዲስ አበባ ነው። ማስተማርን ግን ከዚያ በፊት፣ ዲማ አጠገብ፣ ዳዊት ካስደገሙኝ የኔታ ተምሬዋለሁ። የኔታ ዓይናቸው ደክሞ ነበር፤ ጆሯቸውን ግን አንዲት ቃል አታመልጠውም። ተማሪ በቃሉ ሲያሰማ ከተሳሳተ፣ ሳል ከያዘው፣ ሰው ገብቶ ካቋረጠው እንኳ፣ ከመሐል መቀጠል ብሎ ነገር የለም። በመቋሚያቸው መሬቱን መታ ያደርጉና «ከመጀመሪያው!» ይላሉ። በዚያ መንገድ የገባኝ እስከ ዛሬ አልወጣም። ስለዚህ ጀርመንኛውንም በዚያው መንገድ አስገባሁት። መቋሚያ ስለሌለኝ ጠረጴዛውን በዳስተር እመታ ነበር።

ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ያስተማርኋት አንዲት ልጅ ነበረች። ወላጆቿ ዲማ አካባቢ የሚኖሩ ገበሬዎች ናቸው፤ ከተማ ያስቀመጠቻትና የምታስተምራት አክስቷ ነበረች። ድምፅዋ ቀጭን ነው። አንዴ የያዘችውን ግን አትለቅም። በስድስት ዓመት ውስጥ ዳስተር ያስመታችኝ ከጣት ቁጥር አያልፍም። ሌሎቹ ሲያናድዱኝ እሷን አስነሥቼ ሙሉውን አስብላት ነበር። ኩራቴ ነበረች፣ አልዋሽም።

አሥራ ሁለተኛን እንደጨረሰች ጀርመን አገር ያለ አንድ ሆስፒታል ለነርስነት ሥልጠና ተቀበላት። የቀራት የቋንቋ ፈተና ብቻ ነበር። የማለፊያው ወረቀት እስከ ነሐሴ መጨረሻ ካልደረሰ ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል። ፈተናው ደግሞ አዲስ አበባ ነው። ያን ዓመት መንገዱ ዛሬ ተከፈተ ሲባል ነገ ይዘጋል። ትምህርት ቤቱም ከተማው ውስጥ በነበረው ተኩስ ምክንያት ለወራት ተዘግቶ ነበር። እቤቴ እየመጣች ግቢው ውስጥ የእንጨት ዱካ ላይ ቁጭ ብላ ታጠናለች። ስለ ራሷ የምትናገረውን አንድ ገጽ ሙሉ የጻፍሁላት እኔ ነኝ፤ ስሟን፣ አገሯን፣ ነርስ መሆን ለምን እንደምትፈልግ። ተኩስ ሲሰማ ትደነግጥና ታቆማለች። እኔም ግድግዳውን መታ መታ አድርጌ «ከመጀመሪያው ጀምሪ» እላታለሁ። በኋላ በኋላ ተኩስ እየተሰማም ሳትደናቀፍ ትጨርሰው ጀመር። በቃ ደርሳለች አልሁ።

መንገዱ ሲከፈት በሚኒባስ ሄደች። ደጀን ላይ መኪና ወደ ዓባይ በረሃ አይወርድም ተብሎ ሁለት ቀን ቆየች። አዲስ አበባ የገባችው በፈተናው ዋዜማ ነው። ኔትወርክ ስላልነበረ ይህን ሁሉ የሰማሁት ስትመለስ ነው።

በሩን ከፍቼ ፊቷን ሳየው ገባኝ። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆማለች።

«የጽሑፉን አልፌዋለሁ» አለች። «የጣለኝ የቃሉ ነው፣ ቲቸር።»

«ረሳሽው እንዴ?»

«ኧረ አልረሳሁም! አንዲት ቃል አልዘለልሁም።»

ፈታኞቹ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ነበሩ። ሴትዮዋ ፈገግ የምትል ደግ ሰው ናት አለችኝ። ያስጠናኋትን ጀመረች። ሦስተኛው ዐረፍተ ነገር ላይ ሴትዮዋ አቋረጠቻትና ስለ እናቷ ጠየቀቻት። ልጅቷ ይቅርታ ጠይቃ እንደገና ከስሟ ጀመረች። ሴትዮዋ ሌላ ነገር ጠየቀቻት። ልጅቷ አሁንም ከስሟ ጀመረች። በሦስተኛው ፈታኞቹ ተያዩ፤ ሰውዬው እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ጥያቄው አልገባሽም ነበር?» አልኋት። አልገባኝም እንድትለኝ እየለመንኋት ነበር ማለት ይቻላል።

«ገብቶኛል እንጂ። እናትሽ ምን ትሠራለች ነው ያሉኝ። መልሱንም አውቀው ነበር። ግን የጀመርሁትን ሳልጨርስ እንዴት እመልሳለሁ? ከተቋረጠ ከመጀመሪያው ጀምሪ ይሉኝ የለ እርስዎ?»

ልትወቅሰኝ አልነበረም። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር። የተባለችውን ሁሉ አድርጋ ለምን እንደወደቀች እንድነግራት ነው የጠየቀችኝ። እኔ ግን አልነገርኋትም። «ዕድል ነው፣ ምን ይደረጋል» አልኋት፤ አፈርሁ፣ ግን አልሁት። ስድስት ዓመት ሳስተምራት እናትሽ ምን ትሠራለች ብዬ በጀርመንኛ አንድ ቀን ጠይቄያት አላውቅም። በአማርኛም አልጠየቅኋት።

ቀጣዩ ፈተና ሲደርስ ቦታው አልፎ ነበር። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ብዙ መምህራን ለቀው ሄደዋል። ዳይሬክተሩ ሰባተኛንና ስምንተኛን ያቺ ተማሪህ ብትይዝልን ምን ይመስልሃል አለኝ። ከእሷ የሚሻል የለም አልሁት፤ እውነትም የለም። እኔ አሁን ዳስተር መምታት ትቻለሁ። ዘጠነኞችን እያቋረጥሁ ስለ ቤታቸው፣ ስለ ምሳቸው እጠይቃለሁ። እነሱ ግራ ገብቷቸው ያዩኛል፤ አንዳንዶቹም ያረጀሁ ይመስላቸዋል።

ባለፈው ሰኞ ጠዋት አሥራ አንደኛዎችን ሥራ ሰጥቼ ስቆም፣ ከጎን ካለው የሰባተኛ ክፍል አንዲት ልጅ ስሟን፣ አገሯን ስትል ሰማሁ። የራሴ ጽሑፍ ነው፣ ቃል በቃል። ነርስ የሚለው ጋ ስትደርስ ልጅቷ ተደናቀፈች። ዳስተር ጠረጴዛ ላይ ጓ አለ። ያ ቀጭን ድምፅ «ከመጀመሪያው ጀምሪ» አለ።

ያን ጊዜ ለምን እንደወደቀች ልነግራት ወጣሁ። በሩ ድረስ ሄጄ እጄን አነሣሁ፤ ግን ምን ብዬ እንደምጀምር አጣሁ። ውስጥ ልጅቷ ከስሟ ጀመረች።