ዙህራና «ሀርድሊ» የምትለው ቃል

ዙህራ ካዛንቺስ በሚገኝ አንድ ሆቴል አልጋ ማንጠፍ ከጀመረች ሰባት ዓመት ሆኗታል። የተማረችው እስከ ስምንተኛ ክፍል ቢሆንም፣ እንግዶች ትተውላት የሚሄዱትን ወረቀት ማንበብ ትወዳለች። ምስጋና ያለበት ከሆነ ቀኑን ሙሉ ፊቷ ሲበራ ይውላል።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ለስብሰባ የመጡ አንድ አዛውንት ክፍል ገባች። ሰውየው ቁርስ ላይ ናቸው። ጠረጴዛው ላይ በተዉት ወረቀት በእንግሊዝኛ አንዲት መስመር ጽፈዋል፦ «አይ ሀርድሊ ስሌፕት ሂር።»

«ሀርድ» ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ ብርቱ፣ ጠንካራ ማለት ነው። እንግዲያው ሰውየው ድብን ያለ እንቅልፍ ተኝተዋል! ወረቀቱን ይዛ ምድር ቤት ወረደችና ልብስ ማጠቢያው ጋ ለነበሩት ሁሉ አሳየች።

«በቃ፣ የዘንድሮ ትልቁ ምስጋና ይኼ ነው!» አለች። አጨበጨቡላት።

አንሶላና ፎጣ የሚያድሉት ጋሽ አስገዶም ብቻ ወረቀቱን አንብበው አላጨበጨቡም። ሠላሳ ዓመት እንግሊዝኛ አስተምረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሰዉ እስኪበተን ጠበቁ።

«ዙህራዬ፣ እስቲ ይኼን ፎጣ አግዢኝ።»

መደርደሪያው ጀርባ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «‹ሀርድ› በርትቶ ነው። ‹ሀርድሊ› ግን ዘመዱ ይመስላል እንጂ አይደለም፤ ‹እምብዛም› እንደማለት ነው። ሰውየው እንቅልፍ በዐይናቸው አልዞረም።»

«ወይኔ ጋሼ! ሁሉም አይቶታል እኮ።»

«እነሱም እንዳንቺው ነው ያነበቡት። ይልቅ እንቅልፍ የነሳቸው ምን እንደሆነ እንይ።»

ወደ ሰውየው ክፍል ሄደው ጸጥ ብለው ሲያዳምጡ፣ ከአልጋው ራስጌ ጀርባ የውሃ ፓምፕ ያጉረመርማል። ዙህራ እንግዳ መቀበያው ጋ ሄዳ ለአዛውንቱ ክፍል አስለወጠችላቸው፤ ሻንጣቸውንም ራሷ አሻገረች። በማግስቱ ያገኘችው ወረቀት ላይ «ታንክ ዩ» የሚለው ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል።

ጋሽ አስገዶም ሰው ፊት ቢያርሟት ኖሮ ዳግመኛ ወረቀት አንስታ ባላነበበች ነበር። ይኼን ስለምታውቅ፣ ከሰላት በኋላ ዱዓ ስታደርግ ስማቸውን አትዘልም።

እሳቸው አምና ጉልበታቸው እምቢ ሲላቸው ሥራውን ተዉ። ዙህራ ደግሞ የሆቴሉ አንድ ፎቅ ኃላፊ ሆናለች። ማታ ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማ ትደውልላቸዋለች።

«ጋሼ፣ ‹ሌት› እና ‹ሌትሊ› አንድ ናቸው እንዴ?»

«የት! ‹ሌት› ዘግይቶ ነው፤ ‹ሌትሊ› ሰሞኑን። ለመሆኑ ሰሞኑን ምነው ጠፋሽ?»

«ሥራ ነው ጋሼ። እሁድ ከልጆቼ ጋር መጥቼ እጠይቅዎታለሁ።»

«እንግዲያው ምሳ ሳትበሉ ኑ» አሉ፤ ድምፃቸው ውስጥ ደስታ አለ። «ሽሮ አሠራላችኋለሁ።»