የሰበረው እጅ የፈታው ብሎን

ታላቅ ወንድሜን ሰፈሩ «ሦስቴ» ይለዋል። ከግቢያችን ደጃፍ ያለችው መታጠፊያ ጠባብ ናት። አሮጌው ፒካፑም በአንድ ጊዜ ዞሮላት አያውቅም፤ ወደፊት፣ ወደኋላ፣ እንደገና ወደፊት። ወንድሜ ለሰፈሩ የሚያመላልሳቸውን የውሃ በርሜሎች ጭኖ በወጣ ቁጥር የኋላው ማዕዘን የድንጋይ ጠራቢውን አጥር ሳይነካ አያልፍም። ስምንት ዓመት ሙሉ «መኪናም ሲያረጅ አንገቱ ይደርቃል» እያለ ከመሪው ጋር ይታገል ነበር። ወንድሜ ጉልበት የማይፈታው ነገር አለ ብሎ የሚያምን ሰው አይደለም።

ድንጋይ ጠራቢው አብሮ አደጉ ነው። አጥሩን በገዛ እጁ የካበው እሱ ነው፤ በወንድሜ መኪና የፈረሰውን ማዕዘንም ደጋግሞ ክቦታል። የመጨረሻው ቀን ግን ጭቃው ሳይደርቅ ፒካፑ ደገመውና አራት ድንጋይ መንገድ ላይ ተንከባለለ።

«አንተ ሦስቴ! ውረድ!»

«ቆይ፣ ዞሬ ልጨርስ!»

«ዛሬስ እኔ አዞርሃለሁ!»

መዶሻው የበሩን መስታወት ወንድሜ ጭን ላይ አረገፈው። ድንጋይ ጠራቢው በኮሌታው ጎትቶ አወረደው። ወንድሜም ዝም ብሎ የሚደበደብ አይደለም፤ በግንባሩ አፍንጫውን አደማው፤ ከወንበር ስር የጎማ መፍቻውን መዞ ጎኑን አለው። ያኔ መዶሻው ተነሣና የወንድሜ ቀኝ ክንድ ላይ አረፈ። የአጥንቱ ድምፅ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ወንድሜ የፊት ጎማው ሥር ወደቀ፤ ሰውየው ግን በወደቀበት ይረግጠው ነበር። የወንድሜ ሚስት አንድ ባልዲ ውሃ ድንጋይ ጠራቢው ፊት ላይ ደፍታ ዓይኑን እስኪጠርግ ድረስ አልተወውም።

ወንድሜ ግን ወድቆ ሳለ፣ ደም በአፉ ሞልቶ፣ አንድ ነገር አየ። ጎማው እስከ መጨረሻው ታጥፎ ቆሟል። ሆኖም በጎማውና መኪናውን በሚሸከመው ተደራራቢ ብረት፣ በባሌስትራው መካከል አራት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ነበር። ጎማውን ያቆመው ከኋላው ያለ አንድ ረጅም ብሎን ነው፤ ጭንቅላቱ ሁለቱን ጎማዎች ከሚያገናኘው ብረት፣ ከአክስሉ ጋር እየተጋጨ እንደ መስታወት አብርቷል። የቀድሞው ባለቤት ሰፋፊ ጎማ ገጥሞ ስለነበር፣ ጎማው ባሌስትራውን እንዳይፍቅ ብሎኑን አስረዝሞት ኖሯል። ሰፊው ጎማ ከተቀየረ ዘመን አልፎታል፤ ብሎኑን ግን ማንም አላሳጠረውም። ስምንት ዓመት የመኪናውን እርጅና ሲረግም፣ መኪናው የታሰረው ጣት በምታህል ብረት ነበር።

ነገሩን የዳኙት የሰፈሩ አሮጊት አዋላጅ ናቸው። ሁለቱንም በአንድ ሳምንት ያዋለዱ እሳቸው ናቸው።

«ሁለታችሁንም ዘቅዝቄ መትቼ ነው ያስለቀስኳችሁ፤ ዛሬም አያቅተኝም» አሉ። ወደ ድንጋይ ጠራቢው ዞረው፣ «እጁን ሰብረሃል። እስኪጠገን ድረስ እጁ አንተ ነህ። ያነሣ የነበረውን ታነሣለህ፣ ይፈታ የነበረውን ትፈታለህ።»

«እማማ፣ የኔስ ሥራ?»

«መዶሻ ይዘህ ስትሮጥ ነበር ሥራህን ማስታወስ!»

ወንድሜ አልተቃወመም። ይህ ነው ያስፈራኝ። ማታ ክንዱን ሳስርለት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይምጣ። ብሎኑን ለመፍታት መኪናዬ ሥር መግባቱ አይቀርም» አለኝ። ምን እንደሚያስብ ገባኝ። ጸለይኩ፤ ሌላ የማውቀው ነገር አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን ድንጋይ ጠራቢው አፍንጫው እንዳበጠ መጣ። ፒካፑን በክሪክ አነሣ፤ የፊት ጎማውን ፈታ፤ ቁልፉን ይዞ በጀርባው ተንሸራቶ ገባ። አክስሉ ደረቱ ላይ አንዣበበ። ሌላ ድጋፍ አልተደረገም፤ ሁሉንም የተሸከመችው ያቺ ክሪክ ብቻ ናት።

«ዝጓል!» አለ ከሥር።

«ግፋው» አለ ወንድሜ፤ እግሩንም አንሥቶ ክሪኳ ላይ አሳረፈ። የጫማው አፍንጫ ጫን ሲላት አየሁ። አንድ ምት ይበቃ ነበር። ቁልፉ ብረት ላይ ሲንሸራተት ይሰማኛል፤ የወንድሜ ጥርሶች ሲፋጩም ይሰማኛል።

ከዚያ እግሩን አነሣ። አጥሩ ሥር ከፈረሱት ድንጋዮች ትልቁን በግራ እጁ እየገፋ፣ በጉልበቱ እየደገፈ፣ እያቃሰተ አምጥቶ ከአክስሉ ሥር ሸጎጠው። ላቡ ይንጠባጠብ ነበር። እኔ ደጃፉ ላይ ተንበረከክሁ።

ብሎኑ ተፈትቶ አጠረ፤ በማግስቱ የሌላኛውም ጎን። በጎማውና በባሌስትራው መካከል አንድ ጣት የሚያስገባ ብቻ ተዉ። ወንድሜ በግራ እጁ መሪውን ያዘ፤ ድንጋይ ጠራቢው አጠገቡ ተቀምጦ ማርሽ ያስገባለታል፤ እኔ ከኋላ በርሜሎቹን ይዣለሁ።

«አንደኛ!»

«አትጩህብኝ፣ ደንቆሮ አይደለሁም።»

«መሪውን ሳበው፣ በአንድ እጅ ከበደኝ!»

ሁለቱም መሪውን ይዘው አዞሩት። ፒካፑ አፍንጫውን አዙሮ፣ አጥሩን ሳይነካ፣ አንዴም ወደኋላ ሳይል ወጣ። ወንድሜ መንገዱ ላይ አቆመ። ማንም አላጨበጨበም።

«እግርህን አይቼው ነበር» አለ ድንጋይ ጠራቢው ፊት ለፊቱን እያየ።

«ታዲያ ለምን አልወጣህም?» አለ ወንድሜ።

«ብወጣ መዶሻዬን ይዤ ነበር የምወጣው። ከሁለታችን አንዱ ይሞት ነበር። ተኝቼ ብሎኑን ብፈታ ይሻላል አልኩ።»

ወንድሜ የተሰበረ ክንዱን ጭኑ ላይ አደላደለ። ጎረምሳ ሳለ እንኳ ሲያለቅስ አላየሁትም ነበር፤ ያን ቀን ግን በኋላ ማሳያው መስታወት ዓይኑ እንባ ሲሞላ አየሁ።

«ሁለተኛ አስገባ» አለ በመጨረሻ፤ «ሰው ውሃ እየጠበቀ ነው።»