የአዴ መኪያ ሲንቄ

የልጅ ልጄ ባለፈው ሰኞ ከትምህርት ቤት የቤት ሥራ ይዛ መጣች። ከአሰላ ዳር ያለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንዴት እንደተጀመረ ከትልልቅ ሰዎች ጠይቃችሁ ኑ ተብለዋል። ጫማዋን ሳታወልቅ አጠገቤ ቁጭ አለችና፣ «እማማ፣ አንቺ እዚያ እስከ ስንተኛ ክፍል ተማርሽ?» አለችኝ። እኔ ጫማዋ ላይ የተለጠፈውን ጭቃ እያየሁ ሩቅ ሄድኩ። የዚያ መንገድ ጭቃ ዛሬም ያው ጥቁር ነው።

ያኔ ትምህርት ቤቱ ከከተማው ውጭ ነበር፤ በኋላ ነው ከተማው ሄዶ የዋጠው። ወንዙን ተሻግሮ፣ የባሕር ዛፉን ጥግ አልፎ፣ ገብስ ማሳ መሀል የቆመ ቆርቆሮ ክዳን ቤት ነበር። ከዚያ በፊት ስምንተኛን የጨረሰ ልጅ ወይ አዲስ አበባ ይሄዳል፣ ወይ ይቀራል። ሴት ከሆነች ትቀራለች። ዘጠነኛ ክፍል በአሰላ ተከፈተ ሲባል ታናሽ እህቴ ዘነበች ፈተናዋን አልፋ ትጠብቅ ነበር። እኔ እናታችን ስትሞት ከአራተኛ ክፍል አቋርጬ ቤት ይዣለሁ።

አባባ ከኢተያ ስንዴ እያመጡ የሚሸጡ ነጋዴ ነበሩ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ፈሪ ነበሩ እንጂ። ለፍርሃታቸውም ምክንያት ነበራቸው። አንድ ባለመሬት ዘነበችን ለልጁ ለማጨት ሽማግሌ ቢልክ፣ አባባ «ገና ልጅ ናት» ብለው መልሰውታል። ልጁ ጠልፎ እንደሚወስዳት ገበያው ሁሉ ያወራ ነበር። ስለዚህ ያንን ሁሉ ሜዳ ብቻዋን አትሄድም አሉ። ዘነበች እራቷን ትታ ተነሳች። እኔ ሳህን እየሰበሰብኩ፣ «እኔ አደርሳታለሁ፤ ይዣትም እመለሳለሁ» አልኩ።

አባባ ሳቁ። «አንቺ? እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የምትደበቂው? ጠላፊውንም ጓዳ ሆነሽ ልትጠብቂው ነው?»

ጠዋት ግን በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ ቋጥሬ፣ ከዘነበች ቀድሜ በር ላይ ቆሜ አገኙኝ። «አንዲት ነገር ብሰማ ትምህርቱ በዚያው ቀረ» ብለው ለቀቁን።

ጎረቤታችን አዴ መኪያ ቅቤ የሚሸጡ የአርሲ ሴት ነበሩ። ሲንቄ የሚባል ቀጭን በትር አላቸው። እሱን ይዘው ሲሄዱ ወንዶች መንገድ ይለቁላቸዋል፤ ጠበኞች መሀል ከገቡ ድብድቡ ይቆማል። ይህን እያየሁ አድጌ፣ ኃይሉ በትሩ ውስጥ ያለ ይመስለኝ ነበር። እኔም ቀጥ ያለ እንጨት ቆርጬ፣ ልጬ፣ ቅቤ ቀብቼ ያዝኩ።

ዘነበች ክፍል ስትገባ እኔ ከበሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጥጥ እፈትላለሁ። ተማሪ ያልሆነ አይገባም ይላል ዘበኛው። ከህንድ የመጣው መምህር ድምፅ በመስኮት ሲመጣ፣ ቃሉ ባይገባኝም ደስ ይለኝ ነበር።

ጥቅምት ውስጥ አንድ ጠዋት፣ ከጭላሎ ተራራ የወረደው ጉም ሳይገፈፍ፣ ባሕር ዛፉ ጥግ ስንደርስ ሦስት ፈረሰኞች ቆመው አገኘን። መሀለኛው ያ የባለመሬቱ ልጅ ነው። በትሬን ከፍ አደረግሁ። አየኝና፣ «ሲንቄ ነው? መቼ ተዳርሽ ደግሞ? ድግሱ አመለጠን እኮ» አለ። ጓደኞቹ ሳቁ። ፈረሱን ወደ ዘነበች ሲያዞር ገበያ የሚሄዱ ሰዎች ከነአህዮቻቸው ከጉሙ ውስጥ ብቅ አሉ። ገለል አለና፣ «ነገም መንገዱ ይኸው ነው» ብሎን ሄደ።

ዘነበች ለአባባ እንዳልናገር ለመነችኝ። ብናገር ትምህርቷ አለቀ፤ ዝም ብል ይወስዷታል። ያን ዕለት ከሰዓት አዴ መኪያ ቤት ሄድኩ። ቤቱ በሴቶች ተሞልቶ ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን ከደጅ እመለስ ነበር። በተሰባበረው ኦሮምኛዬ ሁሉንም ተናገርኩ፤ በትሬንም አሳየሁ። ሴቶቹ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁብኝ።

አዴ መኪያ በትሩን ተቀብለው አገላበጡት። «ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «ይሄ ላም መንጃ ነው።» ሲንቄን እናት ለልጇ በሠርጓ ቀን እንደምትሰጣት፣ አንዷ ስትደፈር ሌሎቹም ሲንቄያቸውን ይዘው እንደሚወጡ አስረዱኝ። «የሚፈሩት እንጨቱን አይደለም፤ እኛን ነው። ነገ ስትወጪ ጥሪኝ።»

በማግስቱ ቅቤያቸውን ትተው ሲንቄያቸውን ይዘው ወጡ፤ እሳቸውና የሳቁብኝ ሴቶች። ፈረሰኞቹ እዚያው ጥግ ነበሩ። አዴ መኪያ መንገዱ መሀል ገብተው ሲንቄያቸውን ፈረሱ ፊት አጋደሙት። አልጮኹም። «በል እለፍ» ብቻ አሉት። የልጁ ጓደኞች የአርሲ ልጆች ስለሆኑ ቀድመው ከፈረስ ወርደው አንገታቸውን ደፍተዋል። አንደኛው የእሱን ልጓም ይዞ ፈረሱን መለሰው።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ገበያ ደረሰ። እንግዲህ በቃ፣ አባባ ይከለክሏታል ብዬ ያንኑ ሳህን ደጋግሜ አጥብ ነበር። እሳቸው ግን በማግስቱ ከገበያ የጎማ ቦቲ ገዝተው መጡና እግሬ ሥር አስቀመጡት፤ «ጭቃው ብዙ ነው» አሉ። ሌሎች አባቶችም ሴት ልጆቻቸውን ጠዋት ጠዋት ደጃችን ማቆም ጀመሩ። ዘነበች ዐሥራ ሁለተኛን እስክትጨርስ ይዣቸው ተመላለስኩ።

የልጅ ልጄ ብዕሯን ይዛ አሁንም ትጠብቃለች። «እኮ እማማ፣ እስከ ስንተኛ?»

«እስከ በሩ» አልኳት።

«በር ደግሞ ክፍል ነው?»

አይደለም። ግን ትምህርት ቤት የጣሪያው ቆርቆሮ የተመታ ቀን ተጀመረ የሚሉ ሰዎች መንገዱን አያውቁትም። ጫማዋን አውልቃ ደህና አድርጋ እንድትቀመጥ ነገርኳት፤ ታሪኩ የሚጀምረው ከበሩ ወዲህ ነውና።