የውሰት ደንጎራ

አባቴ በሁለት ነገር ይፎክር ነበር፤ ባቡር በመጠገኑና በሬ ጠምዶ በማረሱ። ጥገናውን አይተናል። እርሻውን ግን ከአፉ ብቻ ነው የሰማነው።

ከሞተ በኋላ እኔና ታላቅ እህቴ ዕቃ ቤቱን ስንከፍት ቀንበር፣ ማጭድ፣ መንሽና አንድ ደንጎራ አገኘን። ደንጎራ ጫፉ ብረት የሆነ ከባድ የመቆፈሪያ እንጨት ነው፤ የዳገት ማሳ የሚቆፍሩ ሰዎች ተሰልፈው እኩል ያነሱታል። በዚህኛው ወገብ ላይ የደረቀ የማሽላ ዛላ በቃጫ ታስሮ ነበር። እህቴ "መተት ነው" ብላ ዛላውን በጨርቅ ይዛ መዘዘችና ከግቢው ጀርባ ጣለችው። ቃጫው እንደታሰረ ቀረ። እኔ በመተት አላምንም፤ ግን አልከለከልኳትም።

ብዙም ሳይቆይ ከቢዮ አዋሌ ገጠር አንድ የእኔ እኩያ ሰው መጣ።

"አቦ፣ ሞቱን ዘግይቼ ነው የሰማሁት፣ አላህ ያጽናችሁ" አለ። "አባቴ ለአባታችሁ ያዋሰው ደንጎራ ነበር። እሱን ልወስድ ነው።"

ጠረጠርኩት። ዘንድሮ ምግብ ቤቱ ሁሉ የገበሬ ዕቃ ግድግዳ ላይ እየሰቀለ "ባህል" ይለዋል፤ ዕቃ ለቃሚዎቹም ለቅሶ ቤት አይቀራቸውም። የሰው ንብረት ማስቀረት ነውር ነው። የአባትን ዕቃ ለአታላይ ማስረከብ ደግሞ ከነውርም ይብሳል።

ስለዚህ ፈተንኩት። ዕቃውን በረንዳ ላይ ደርድሬ የእያንዳንዱን ስምና ሥራ ጠየቅኩት። አንዱንም አልሳተም።

"ይሄንን ነጋዴም ያውቀዋል" አልኩ ወደ እህቴ ዘንበል ብዬ።

ሰማኝ። "ነጋዴ ብሆን ቀንበሩን ነበር የምጠይቅ። አዲስ ነው።"

"አዲስ?"

"በሬ የተጠመደበት ቀንበር አንገቱ ያረፈበት ይለሰልሳል። ይሄ አንገት አያውቅም።"

ዳሰስኩት። ይሻክራል። የአባቴ እርሻ በገዛ በረንዳው ላይ ፈረሰ፤ ሰውየውን ይበልጥ ጠላሁት።

ደንጎራውን መጨረሻ ላይ አመጣሁ። ቃጫውን በጣቱ ነካ አድርጎ "ማሽላውስ?" አለ።

"የምን ማሽላ?" አለች እህቴ፣ ፈጥና።

"እኛ ጋ የተዋሱትን መሣሪያ ባዶውን አይመልሱም። ከቆፈሩበት ማሳ የደረሰውን ያስሩበታል። አባትሽ በእረፍቱ ቀን እየመጣ ከእኛ ሰዎች ጋር ይሰለፍ ነበር። ሊመልሰው አስሮታል ማለት ነው።"

እህቴ መሬት መሬት አየች። "መተት መስሎኝ ጣልኩት።"

"አቦ፣ መተተኛ ማሽላ አያባክንም።"

እሷ ነጠላዋን አጣፍታ መጋላ ገበያ ወረደች። የማሽላ ዛላ ገዝታ ተመለሰችና በዚያው ቃጫ ራሷ አሰረችው። ደንጎራውን እኔ አነሳሁና ሰጠሁት።

ያም ሆኖ እስከ መኪና ተራው ድረስ ከሩቅ ተከተልኩት። የደቻቱን ወንዝ ሲሻገር ወደ ምግብ ቤቶቹ ይታጠፋል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልታጠፈም። የቢዮ አዋሌው መኪና ረዳት ደንጎራውን ጣሪያ ላይ ልጫነው ሲለው እምቢ አለ። ማሽላው እንዳይረግፍ በመዳፉ ከልሎ፣ ታቅፎት ተቀመጠ።