ጉድጓድ ውስጥ የከረመ ሞተር

አያ ቻላቸው ስለ ላንድሮቨሩ ማውራት ከጀመረ ማቆሚያ አልነበረውም። እኔ ወረታ፣ የደብረ ታቦር መገንጠያው ላይ ጎማ ስጠግን ነው የምውለው። እሱም መኪናውን ከሱቄ ጎን አቁሞ፣ ባጃጅ የሚጠብቀውን መንገደኛ ሁሉ ይይዝና "ሞተሯ ከፋብሪካ ይዛው የመጣችው ነው፤ መድኃኔ ዓለምን፣ አንድ ቀን አልተቀየረም" እያለ ይምልለታል። መንገደኛው ምን አገባው? አንዳንዴ በጣም ያበሽቀኝ ነበር። አሁን ያንን ወሬ መልሼ ብሰማው ምንኛ ደስ ባለኝ።

ላንድሮቨሯ በንጉሡ ጊዜ የወባ መርጫ ሠራተኞች መኪና ነበረች። ቻላቸው ገና ጎረምሳ ሳለ ረዳት ሆኖ ገባባት፣ ኋላ ሾፌሯ ሆነ፣ መሥሪያ ቤቱ አርጅታለች ብሎ ጨረታ ሲያወጣት ደግሞ ከብቶቹን ሸጦ ገዛት። ከዚያ ወዲህ ያልጫነችው የለም። የሐሙሲት ገበያተኛ፣ ምጥ የያዛት ሴት፣ የሩዝ ጆንያ፣ ለክብረ በዓል የሚሄዱ ቄሶች። የርብ ወንዝ ሞልቶ መንገዱ ሲጠፋ ሌላው መኪና ሁሉ ይቆማል፣ እሷ ታልፋለች። እሱና ሚስቱ ሰገን ልጅ አልወለዱም። ሰዉ "ላንድሮቨሯ ናት ልጃቸው" እያለ ይቀልዳል፤ ሰገን ይህን ስትሰማ አትስቅም።

ባለፈው ዓመት ሩዝ ሲወቃ እትዬ ሰገን ከክምሩ ላይ ወደቀች። ወጌሻ ሲያሻት ከረመ፤ ዳሌዋ ግን አልገጠመም። ባሕር ዳር ያየቻት ሐኪም፣ ተቀዶ ብረት ካልገባላት ቆማ እንደማትሄድ ቁርጡን ነገረቻቸው። ያን ጊዜ ነው አያ ቻላቸው መኪናዋን ለመሸጥ የቆረጠው። ሌላ የሚሸጥ ነገር የለውም። ለብረቷ ብቻ የሚገዟት ሰዎች የሰጡት ዋጋ ደግሞ ለማሳከሚያ ቀርቶ ለመመላለሻም የሚሆን አይደለም።

አሮጌ መኪና እየገዛ የሚያድስ ሉቃስ የሚባል ሰው አዲስ አበባ እንዳለ የሰማነው በዚህ መሀል ነው። ፎቶዋን በስልክ ላክንለት። ወዲያው ደወለ። ሰውነቷን ወዶታል፣ ዋጋውም ሰገንን አሳክሞ የሚተርፍ ነበር። "ግን አንድ ነገር" አለ። "ሞተሩ የራሷ ከሆነ ብቻ ነው የምገዛት።" አያ ቻላቸው ይህን ሲሰማ ሳቀ። ዕድሜውን ሙሉ ይህን የሚጠይቀው ሰው ሲጠብቅ ነበር።

ሉቃስ መጣ፤ ትሑት ሰው ነው። መጀመሪያ ከሥር ገብቶ የሻንሲዋን ቁጥር አየ፣ ከሊብሬው ጋር አመሳከረ። ትክክል ነበር። ከዚያ ኮፈኑን ከፍቶ ከጭስ ማውጫው አጠገብ የሞተሩ ቁጥር የተመታበትን ቦታ በቤንዚንና በሽቦ ብሩሽ ይፈትግ ጀመር። ፈተገ፣ ባትሪ አበራበት፣ የጠመኔ ዱቄት ቀባበት፣ እንደገና ፈተገ። መጨረሻ ላይ ሁለት ቁጥሮች ብቻ ብቅ አሉ። የቀረው ቦታ ፈንጣጣ እንደበላው ፊት ነበር።

"ጋሼ፣ ይሄ ሞተር መሬት ውስጥ ነበር እንዴ?"

"ነበር እንጂ" አለ አያ ቻላቸው፣ በኩራት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጦርነቱ በጋይንት በኩል እየቀረበ ነው በተባለበት ክረምት፣ መኪና ያለው ሁሉ እንዳይወሰድበት መደበቂያ ሲያጣ፣ መላውን ያመጣችው ሰገን ነበረች። ሰገን የፋርጣ ደጋ ልጅ ናት። እነሱ ዘንድ ክፉ ቀን ሲመጣ እህል በጉድጓድ ይቀበራል። ግድግዳው በእበት ይለቀለቃል፣ ነቀዝ እንዳይነካው አመድ ይነሰነስበታል፣ እህሉ ከርሞ ደረቁን ይወጣል። "ሞተሩን አውጥተህ ቅበረው፤ ሞተር የሌላትን መኪና ማን ይነካታል?" አለችው። የእኛ የወረታ ሜዳ ሰው እኮ ይህ ጥቁር አፈር ውኃ እንደሚይዝ ያውቃል፤ እህሉንም በጎተራ እንጂ በጉድጓድ አያስቀምጥም። አያ ቻላቸውም ያውቅ ነበር። ግን ሰገን አንድ ነገር በሙሉ ልቧ ስትል እምቢ ማለት አይሆንለትም። እኔና ጎረቤታቸው መሪጌታ ደሳለው ገመድ ይዘን ሞተሩን አወረድነው። አመዱን እፍኝ እፍኝ እያደረገች የነሰነሰችው ራሷ ሰገን ናት።

ወሬው በረደ ሲባል ሌላ ወሬ እየመጣ ሞተሩ ሁለት ክረምት እዚያው ከረመ። ስናወጣው ጉድጓዱ ውኃ አቁሯል፣ አመዱም ጭቃ ሆኖ ብረቱ ላይ ተጋግሯል። አያ ቻላቸው ጾሙን ሙሉ ሲፈታታው፣ ሲያጥበው፣ የተጣበቀውን ሲያላቅቅ ቆየና አስነሳው። ሰገን ቤቷ ደጃፍ ቆማ እልል አለች። ያን ቀን ቁጥሩን ማን ያስታውስ?

ይህን ሁሉ ሲተርክለት የሉቃስ ፊት እየከፋ ሄደ። "ጋሼ፣ ሞተር ቀይረው የሚሸጡ ሰዎች ቁጥሩን በሞረድ ይፍቁታል፣ በአሲድ ያስበሉታል። የእርስዎም ከዚያ አይለይም።"

"ዋሸህ ነው የምትለኝ?"

"አላልኩም።"

እኛ ዘንድ የድንበርም የከብትም ክርክር የሚያልቀው በምስክር ነው። ሮጬ መሪጌታን ጠራኋቸው። ተማሪዎቻቸውን ትተው፣ ዳዊታቸውን በብብታቸው እንደያዙ መጡ። "ልጄ፣ ይህን ሞተር በእጃችን አውርደነዋል፣ በእጃችን አውጥተነዋል" አሉት። "ሌላ ሞተር አልገባም፣ ሌላም አልወጣም። የማገለግልበት ደብር ይመስክርብኝ።" አያ ቻላቸው ቀና አለ። እኔም አለቀ ብዬ ነበር።

ሉቃስ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳቸው። "መሪጌታ፣ እኔ አምኜዎታለሁ። ከእኔ የሚገዛው ሰው ግን እርስዎን አያውቅም። እሱ የሚያየው ቁጥሩን ነው።"

ክፉ ሰው ቢሆን ተሳድቤ ይወጣልኝ ነበር። ይቅርታ ጠይቆ፣ ሁላችንንም ጨብጦ ወደ ባሕር ዳር ሄደ።

አያ ቻላቸው ኮፈኑን ዘጋና እጁን በጨርቅ ሲጠርግ ቆየ። እጁ ጠርቶም አላቆመም። "ሰገንን ምን ልበላት?" አለኝ።

"እውነቱን ነዋ። ቁጥሩ ዛገ በላት።"

"ጉድጓዱ የእሷ ምክር ነው። አመዱንም የነሰነሰችው እሷ ናት። አልጋ ላይ ተኝታ ይህን ስታሰላስል ትኑር?"

አብሬው ወደ ቤቱ ሄድኩ። ጎረቤቷ አማከለች ጠጉሯን አበጥራላት፣ እትዬ ሰገን ትራስ ተደግፋ ትጠብቃለች። ቀሚሷና ነጠላዋ ለባሕር ዳር መንገድ በጥቅል ታስረው አልጋው ሥር ተቀምጠዋል።

"ምን አለ ሰውዬው?"

"አልገዛም አለ። ሞተሩ የራሷ አይደለም።"

"እንዴት ነው የማይሆነው?"

"ድሮ መሥሪያ ቤት ሳለች ተቀይሯል። እኔም አውቅ ነበር።"

አፌን ልከፍት ስል አያ ቻላቸው አየኝ። እንዲያ ዓይኑ ፈጦ አይቼው አላውቅም።

"ታውቅ ነበር?" አለች ሰገን።

"አውቅ ነበር።"

"በመድኃኔ ዓለም እየማልክ?"

አማከለች መሬት መሬት ታያለች። ሰገን ስለ ሕክምናው አንድ ቃል አላነሳችም። "ጉድጓዱን ስታስቆፍር እንኳ አልነገርከኝም፣ ቻላቸው። ያን ሁሉ አመድ የነሰነስኩት ለሰው ሞተር ነው" አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እሱ ጎንበስ ብሎ ጥቅሉን ፈታ፤ ቀሚሷንና ነጠላዋን አንድ በአንድ መልሶ ምስማሩ ላይ ሰቀላቸው።

ላንድሮቨሯ አሁንም ከሱቄ ጎን ቆማለች፤ እትዬ ሰገንም እንደተኛች ናት። የድሮ ወሬውን የሚያውቅ መንገደኛ አንዳንዴ ሊያጫውተው ብሎ "አያ ቻላቸው፣ ሞተሯ የራሷ ነው አይደል?" ይለዋል። "አይደለም፣ የሌላ ነው" ይላል እሱ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። አማከለች እዚያው ማዶ ሽንኩርት ትሸጣለች፤ የሰማችውን ሁሉ ማታ ለሰገን ትነግራታለች።