የጋሽ ማርቆስ ቀኝ እጅ

ጋሽ ማርቆስ አረፉ አሉኝ። ስልኩን ዘግቼ መልሼ ደወልኩ፤ "የትኛው ማርቆስ?" ብዬ። ልጃቸው እያለቀሰች "እትዬ፣ አባቴ ነዋ!" አለችኝ። አሁንም አልዋጥልኝ ብሎኛል። ባለፈው ሳምንት እኮ ፒያሳ አግኝተውኝ በጉልበቴ ሲቀልዱብኝ ነበር።

አዋሳ ያደጋችሁ ታውቋቸዋላችሁ። ፒያሳ ላይ አንዲት ጠባብ ክፍል፣ እስከ ጣሪያው ድረስ አሮጌ ራዲዮ የተደረደረባት። "ይሄስ በቃ አልቆለታል" ስንላቸው "ዝም ያለ ሁሉ አልሞተም" ይሉና ጀርባውን መፍታት ይጀምራሉ።

ቀኝ እጃቸው ለምን እንደዚያ ተጣሞ እንደቀረ ግን ብዙዎቻችሁ አታውቁም። ልጆቻቸውም እውነቱን አያውቁም። ዛሬ ልናገር።

ዘመኑ ቀይ ሽብር ነው። እኔ የሃያ ሁለት ዓመት አስተማሪ ነኝ። ከአባቴ የወረስኩት ትልቅ የእንጨት ራዲዮ ነበረኝ፤ በር ዘግቼ የተከለከለውን የውጭ ጣቢያ እሰማበታለሁ። ሲበላሽብኝ ለጋሽ ማርቆስ ሰጠኋቸው። መርፌውን ከጣቢያው ላይ ማንሳት ረሳሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ልወስደው ስሄድ ሠርተው ጨርሰዋል። "እስቲ ስሚያት" ብለው ከፈቱት። ያው ጣቢያ ጮኸ። ለማጥፋት እጃቸውን ሲሰዱ ሦስት አብዮት ጠባቂዎች በሩ ላይ ቆመዋል።

"ይሄ የማነው?" አለ አለቃቸው።

አፌን ከፈትኩ። ጋሽ ማርቆስ ቀደሙኝ።

"የኔ ነው።"

"እሷስ?"

ከመደርደሪያው ላይ የማን እንደሆነ የማላውቀውን ካውያ አንስተው አስጨበጡኝ። "ካውያ ልታሠራ የመጣች ናት። ደርሶልሻል እህቴ፣ ሂጂ።"

ሄድኩ። አዎ፣ ሄድኩ። የሰው ካውያ ታቅፌ መንገዱን ተሻገርኩ፤ ማዶ ስደርስ ዞሬ ቆምኩ።

በሰደፍ አፋቸውን ሲመቷቸው ድምፁ እኔ ድረስ መጣ። ራዲዮዎቹን እያወረዱ ረጋገጧቸው። ጋሽ ማርቆስ ደም እየተፉ ዝም አሉ። ሚስታቸው አማረች ከጓሮ እየሮጠች ገባች፤ የሰባት ወር እርጉዝ ነበረች። አለቃው በጥፊ መትቶ ጣላት። ወድቃም አልማራትም፣ በጫማው ደገማት።

ያኔ ነው ጋሽ ማርቆስ የጋለውን መበየጃ አንስተው ጉንጩ ላይ የተከሉት። የሰውየው ጩኸት እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ሁለቱ ጠምዝዘው ይዘው ቀኝ እጃቸውን በገዛ ጠረጴዛቸው ላይ ዘረጉት። አለቃው አንድ እጁን ጉንጩ ላይ አድርጎ በሰደፍ ወረደበት። ደገመ። ሰለሰ። ከዚያ መቁጠር አቆምኩ። ወደ ቀበሌ ጎትተው ሲወስዷቸው አስፋልቱ ላይ የደም መስመር ቀረ። ቆሞ የሚያይ ሰው ብዙ ነበር፤ ትንፍሽ ያለ ግን የለም። እኔም።

አማረች በሦስተኛው ቀን የሞተ ልጅ ወለደች።

ጋሽ ማርቆስ አራት ወር ታሰሩ። ውስጥ እግራቸውን ገረፏቸው። አብረዋቸው ከታሰሩት ሁለቱ፣ ደረታቸው ላይ ወረቀት ተለጥፎ ወደ አሞራ ገደል በሚወስደው መንገድ ተጥለው ተገኙ። የሳቸውን ተራ ስንጠብቅ የቀበሌው ሞንታርቦ ተበላሸ። የሚሠራ ሰው በከተማው ጠፋ። አውጥተው አሠሯቸው፤ በግራ እጃቸው፣ ጠመንጃ ከኋላ ተደግኖባቸው። በዚያው ለቀቋቸው።

ካውያውን ይዤ ሄድኩ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ያዙኝ።

"ተይ እንጂ! ይልቅ ካውያውን አምጪው፤ ባለቤቱ አራት ወር ሙሉ አማረችን ቁም ስቅሏን አሳይታታለች።"

"ለምን የኔ ነው አሉ ጋሼ?"

"አንቺን ቢወስዱሽ ማን ይመልስሻል፣ መምህርት? እኔን ቢገድሉ ሞንታርቧቸውን ማን ይሠራላቸዋል?" ሊስቁ ሞከሩ። የፊት ጥርሶቻቸው የሉም። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ለአማረች ግን እንዳትነግሪያት፤ ለማንም። ቃል ግቢልኝ። ልጇን ቀብራለች። ራዲዮው ያንቺ መሆኑን ካወቀች ዓይንሽን ማየት አትችልም።"

አልነገርኳትም። በዓል በመጣ ቁጥር ቤቷ ገብቼ በላሁ። በኋላ የወለደቻቸውን ልጆች አስተማርኩ። ስትሞትም በሷ ለቅሶ ደረቴን ደቃሁ። አንድም ቀን አልነገርኳትም።

ልጆቼ፣ ይሄን እንደምታነቡት አውቃለሁ። ራዲዮው የኔ ነበር። አባታችሁ በራሳቸው ጥፋት አልተመቱም፤ ታላቅ ወንድማችሁም በኔ ምክንያት ነው የቀረው። ነገ ቀብር ላይ እመጣለሁ። ብታባርሩኝ አልቀየማችሁም።

ጋሽ ማርቆስ፣ ቃሌን አፈረስኩ፤ ይቆጡኝ። ያቺን እጅዎን አንዴ እንኳ ደፍሬ ሳልስማት ሄዱብኝ። ደህና ይግቡ፣ ወንድሜ። አማረችን ሲያገኟት እርስዎ ይንገሩልኝ።