ሰዓት አስተኚው

በዚያ ሐራጅ ቤት እውነተኛ ስሙን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሁሉም «አስተኚው» ነበር የሚለው፤ ስሙን ያወጣለትም ሥራው ነው። ሐራጅ በሚኖርበት ቀን ጠዋት፣ ገዢዎች ገብተው ወንበር ሳይሻሙ፣ በአዳራሹ ያሉትን ሰዓቶች ሁሉ እየዞረ ያስተኛቸዋል። የሰዓቱን በር ይከፍታል፣ ተወዛዋዡን በሁለት ጣቱ ያዝ ያደርገዋል፣ እስኪረጋጋ ይጠብቅና ቀስ ብሎ ይለቀዋል። ያ ሁሉ ቀጭ ቀጭ አንድ በአንድ እየጎደለ ሄዶ፣ በመጨረሻ የራሱ ጫማ ድምፅ ብቻ ይቀራል።

ልማዱ የመጣው ከድሮ ጠብ ነው። አጫራቹ አንድ ጊዜ የብር ማንኪያዎች እየሸጠ «አንድ፣ ሁለት» ብሎ መዶሻውን እንዳነሳ፣ አንድ ስድ ሰዓት ከጥግ «ድው» አለ። አንዱ ገዢ «ተመታ፣ የኔ ነው» ሲል፣ ሌላው «የመታው ሰዓት እንጂ መዶሻ አይደለም» አለና አንገት ለአንገት ለመያያዝ ምንም አልቀራቸውም። ከዚያ ወዲህ በሐራጅ ቀን እዚያ ቤት ውስጥ መምታት የሚፈቀድለት መዶሻው ብቻ ሆነ። ሽያጩ ሲያበቃ አስተኚው የተሸጠውን ሰዓት ገዢው ፊት ሞልቶ ይቀሰቅሰዋል፣ «ደህና ግባ» ብሎም ይሸኘዋል። ሰዓትን ደህና ግባ የሚል ሰው እኔ ከእሱ ሌላ አላውቅም።

እሱ ራሱም ቢሆን ከነቃው ይልቅ ወደተኛው የሚያደላ ሰው ነበር። ቡፌ ሲወለውል ቡፌው የቆመበት ሳሎን ይታየዋል፤ መጋረጃው፣ ከመጋረጃው ሥር የገባው ፀሐይ፣ መሬት ላይ የተኛች ድመት። መሳቢያ ከፍቶ የቆየ የሳሙና ሽታ ካገኘ ለግማሽ ቀን አለቀለት። የብር ሹካ በእጁ እንደያዘ ፈዞ ይቀራል፤ የማያውቃቸው ሰዎች በማያውቀው ጠረጴዛ ዙሪያ ሲሳሳቁ ይሰማዋል፣ አንዲት ሴት ማንኪያ አቀብለኝ ትለዋለች፣ እሱም እጁን ይዘረጋል። አጫራቹ ታዲያ ከመድረኩ ሆኖ፣ «አስተኚው፣ አንተን ደግሞ ማን ይቀስቅስህ?» ይለዋል።

ምሳውን በልቶ የሚያሸልብበት ቦታ አዳራሹ መጨረሻ ላይ ነበር። እዚያ ማንም ያልገዛው ባለ ክንድ ወንበር አለ፣ ከወንበሩ አጠገብ ደግሞ ሠራተኞቹ «አያ ረጅሙ» የሚሉት ቋሚ ሰዓት። አያ ረጅሙ ከአስተኚው ቀድሞ የመጣ ነው። ቁመቱ ልክ አጥቶ ገዢ ስላጣ፣ አጫራቹ «እዚሁ ይቁም፣ ቢያንስ ሰዓት ይንገረን» ብሎ አስቀረው። አስተኚው ሌላ ቦታ እንቅልፍ እምቢ ሲለው ያድራል፣ እዚያ ወንበር ላይ ግን ገና ሳይቀመጥ ይወስደዋል። ስለምን እንደሆነ ጠይቆ አያውቅም። እንቅልፍ የወሰደው ሰው መቼ ይጠይቃል?

እዚህ ሥራ የገባበት ምክንያት ግን ነበረው። ገና ጨቅላ ሳለ በአባቱ ቤት አንድ ቋሚ ሰዓት ነበር። አባት ሲሞት የቤቱ ዕቃ በሐራጅ ተበተነ፣ ሰዓቱም አብሮ ሄደ። ከአባቱ ቤት የቀረው ነገር ቢኖር አንድ ድምፅ ነው፤ ሰዓቱ ሲመታ ሲመታ ቆይቶ ከመጨረሻው ምት በፊት ቆም ይላል፣ ትንፋሹን የሚሰበስብ ይመስላል፣ ከዚያ የመጨረሻዋን ለስለስ አድርጎ፣ ለመስማት እንኳ በምታስቸግር ድምፅ ይመታታል። መልኩን አያስታውስም። ያቺን መንተባተብ ግን ከሺህ ሰዓት መሃል ይለያታል። ስለዚህ አዲስ ሰዓት በመጣ ቁጥር መጀመሪያ ጆሮውን ለጥፎ እስኪመታ ይጠብቃል። ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ሰዓቱን እንደሚጠብቅ ታውቃለች፤ ስለ ድምፁ ግን ለማንም፣ ለእሷም እንኳ ተናግሮ አያውቅም። ቢናገረው የሚጠፋበት ይመስለው ነበር።

ከእህቱ ጋር በሁለት ጠባብ ክፍሎች ይኖራሉ። አባት ከሞተ ጀምሮ እናትም አባትም የሆነችው እሷ ናት፤ ትዳር መጥቶ ሲያንኳኳም «ይሄን ልጅ ለማን ጥዬ» ብላ መልሳዋለች። ማታ ከሥራ ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ፣

«ዛሬስ መጣ?» ትለዋለች።

«አልመጣም፣ እትዬ።»

«ይሁና። ታጠብ፣ ይቀርባል።»

ሐራጅ ቤቱ ግን እሷ ብቅ ብላ አታውቅም። «የሰው ቤት ተበትኖ፣ ግንባሩ ላይ ቁጥር ተለጥፎበት ማየት አልችልም» ትል ነበር። አንድ ጊዜ በራሷ ቤት አይታዋለችና ማንም አልጫናትም።

ሲያልቅ አያምር እንዲሉ፣ አጫራቹ አረጀ፣ ድምፁም ሻከረ፣ ሕንፃውም ተሸጠ። የመጨረሻው ሐራጅ ተቆረጠ፤ ወንበሩም መብራቱም፣ አያ ረጅሙም ሳይቀር ሊሸጥ ነው። አስተኚው ያን ሰሞን አፉ እህል እምቢ አለው። አሁን ካልመጣ መቼም አይመጣም። ዕድሜውን በር ላይ ቆሞ የጠበቀው እንግዳ ቀርቶበት በሩ ሊዘጋ ነው።

«እትዬ፣ አንድ ቀን እንኳ ሥራዬን አላየሽም» አላት በዋዜማው።

«እመጣለሁ» አለች። «ዓይኔ እንደሆነ ደክሟል፤ አሁንማ ምን አያለሁ ብዬ ልፍራ?»

በማግስቱ ጠዋት ክንዱን ይዛ ገባች። እሱ ሰዓቶቹን እየዞረ ሲያስተኛ፣ እሷ በመዳፏ ዕቃ ዕቃውን እየዳበሰች በዝግታ ተከተለችው። የጠረጴዛ ጠርዝ፣ የወንበር ጀርባ፣ የቀዘቀዘ የብር ትሪ። ዓይኗ ያላየላትን እጇ ያይላት ነበር። መጨረሻ ላይ የእሱ ወንበር ጋ ደረሰችና ደግፉኝ ሳትል ቁጭ አለች። እጇ ወደ ጎን ወረደ፣ የአያ ረጅሙን እግር ነካ፣ እዚያው ቀረ።

«ይሄ የተቦረቦረው ምንድነው?»

«አይጥ የበላው ነው። ስወለውለው ኖሬ አልጠፋም አለኝ።»

ጣቷን በጉድጓዶቹ ላይ እያመላለሰች ብዙ ቆየች። ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የምታለቅስ መስሎት ደነገጠ፤ እየሳቀች ነበር።

«አይጡማ አንተ ነህ። ጥርስ ስታበቅል የነከስከው ነው። አባባ የተቆጣህ በዚህ ብቻ ነው፣ እሱም ስቆ ተወው።»

አስተኚው መወልወያ ጨርቁን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። «አይደለም፣ እትዬ» አለ። «የእኛው ይንተባተብ ነበር። ከመጨረሻው በፊት ቆም ይል ነበር። ይሄ አይልም፣ እኔ አውቀዋለሁ።» ያን ሁሉ ዘመን ያልተናገረውን በአንድ ትንፋሽ ተናገረው።

እህቱ ሳቋን አቆመች። ተነስታ የሰዓቱን በር ከፈተች፣ እጇንም ወደ ላይ አስገባች፤ ማንም አልመራትም።

«እስቲ የደቂቃ ቆጣሪውን ወደፊት ግፋው» አለችው።

ገፋው። አያ ረጅሙ ከመምታቱ በፊት እንደ ልማዱ ጉሮሮውን ጠረገ፣ መምታትም ጀመረ፤ ረጅም፣ ወፍራም፣ አስተኚው በእንቅልፍ ልቡ የሚያውቀው ድምፅ። ከዚያ ቆም አለ። ትንፋሹን ሰበሰበ። የመጨረሻዋ ምት ለስለስ ብላ ወጣች።

«እንዲህ ነበር?»

አስተኚው ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ እንባው መጣ።

«ሲመታ ያባንንህ ነበር» አለች፣ ደወሉን በምትመታው መታቻ ላይ ያረፈውን ጣቷን ሳታነሳ። «ጉሮሮውን ሲጠርግ ስሰማ ያለሁበትን ጥዬ እሮጣለሁ። ልጅ አይደለሁ፣ እግሬ አጭር፤ መቼም የምደርሰው መጨረሻው ላይ ነበር። በርጩማ ላይ ወጥቼ እሷኑ አንዷን ምት ይዤ ቀስ አድርጌ እለቃታለሁ። አንተ እቴ፣ የኔን እጅ ነው በሰዓት ውስጥ ስትፈልግ የኖርከው?»

ንዴትም ሐዘንም አንድ ላይ መጡበት። በየሳምንቱ በገዛ እጁ ሲሞላው ኖሯል። በየቀኑ እግሩ ሥር ተኝቷል። ቀድሞት የነበረ ስለሆነ እንደ እንግዳ ጆሮ ሰጥቶት አያውቅም፤ ጆሮ ቢሰጠውም የሚፈልገው ነገር ሰዓቱ ውስጥ አልነበረም።

«በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» አለች እህቱ፣ ራሱን እየዳበሰች።

«ለሠራተኛ መጫረት ክልክል ነው። አንቺ ግን እጅሽን አንሺ። እንገዛዋለን።»

«ገዝተን የት ልናቆመው?»

የእነሱ ቤት ጣሪያ እሱን ራሱን በሩ ላይ አንገቱን የሚያስደፋው ነው። ዕድሜ ልኩን ሰዓቱን ሲጠብቅ፣ ቤቱን አንድ ቀን ቀና ብሎ ለክቶት አያውቅም።

«እግሩን ብናሳጥረው...»

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄን ሁሉ ዘመን ፈልገህ ልታርደው ነው?»

ሁለቱም እስኪደክማቸው ሳቁ። ከዚያ ገዢዎች መግባት ጀመሩ። አስተኚው ተነስቶ የአያ ረጅሙን ተወዛዋዥ በሁለት ጣቱ ያዘ። ሌሎቹን ሲያስተኛ እስኪረጋጉ ብቻ ነበር የሚጠብቀው፤ ይህን ከተረጋጋም በኋላ ለመልቀቅ አቃተው።

ሐራጁ እንደ ህልም አለፈ። ቡፌው ሄደ፣ የብር ማንኪያው ሄደ፣ ባለ ክንዱ ወንበር እንኳ ባለቤት አገኘ፤ እህቱ ግን ስለተቀመጠችበት ገዢው «ይቀመጡበት፣ በኋላ እወስደዋለሁ» አላት። የአያ ረጅሙ ተራ ሲደርስ ዓይናቸውን በጨው የታጠቡት ነጋዴዎች ቁመቱን አይተው ፊታቸውን አዞሩ። አንድ ወጣት ባልና ሚስት ብቻ ቀሩ፤ ሴትየዋ የተኛ ሕፃን ትከሻዋ ላይ አስደግፋለች። አጫራቹ «አንድ፣ ሁለት» ሲል፣ የእህቱ ቀኝ እጅ ከጭኗ ላይ ተነሳ። በግራዋ ያዘችና መልሳ አስቀመጠችው። መዶሻው ወረደ።

አዳራሹ ባዶ ሲሆን፣ ባልየው ተሸካሚ ሊፈልግ ወጣ። አስተኚው ልማዱ ነውና ሰዓቱን ለመቀስቀስ ቀረበ። ሞላው፣ ተወዛዋዡን ነካ አደረገው፣ ቆጣሪውን ወደ ትክክለኛው ሰዓት ገፋው። እጁ ይሥራ እንጂ ልቡ እዚያ አልነበረም፤ በማያስታውሰው ቤት ውስጥ አንዲት ልጅ በአጭር እግሯ ስትሮጥ እያየ ነበር። ሰዓቱ ጉሮሮውን ሲጠርግ አልሰማውም። ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ሲመታ፣ ሕፃኑ እናቱ ትከሻ ላይ ፊቱን ጭምድድ ሲያደርግ ነው የነቃው። እጁን ወደ ውስጥ ሰደደ። የደረሰው መጨረሻው ላይ ነው። መታቻዋን በጣቱ ያዛት፣ እሷም ለጥቂት ጊዜ ታገለችው፣ ከዚያ ቀስ አድርጎ ለቀቃት። ሕፃኑ አንዴ ተነፈሰና ፊቱን መልሶ ቀበረ።

እናትየው እጁ የገባበትን ቦታ ልብ ብላ አየች። «እዚህ ጋ ነው?» አለችው በሹክሹክታ።

«እዚህ ጋ ነው። ባትደርሽበትም ግድ የለም፣ የመጨረሻዋ ትበቃለች።»

ከኋላቸው፣ ከተሸጠው ወንበር ላይ፣ የእህቱ ድምፅ መጣ።

«ዛሬስ መጣ?»

አስተኚው እጁን ከሰዓቱ ውስጥ አላወጣም። መታቻዋ ጣቱ ሥር ገና ትንቀጠቀጥ ነበር።

«መጣ፣ እትዬ» አላት።